በጋሽ ወልዴ የተማለበት መንቀጥቀጥ

ሰኞ

ለታች ሰፈር ነዋሪዎች፣ ለቅርብና ለሩቅ ወዳጆች በሙሉ፦ ቦንጋ ተመድቤ ከመጣሁበት ቀን አንሥቶ ፊቴን ያለ አድልዎ ሲያሳየኝ የኖረው የመላጫ መስታወቴ ዛሬ ማለዳ በድንገት ከምስማሩ ወርዶ፣ በአራት ተከፍሎ፣ ከዚህ ዓለም የተለየ መሆኑን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። አስከሬኑ አልጋዬ ሥር በካርቶን ዐርፏል። የቀረውን ቀኝ ጉንጬን በዳሰሳ ጨረስኩት። ውጤቱን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ገምግመውታል፤ ግምገማው ጠንካራ ጎን አልነበረውም።

የአሟሟቱ ሁኔታ፦ መሬት ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ የአሸዋ መኪና መስሎኝ ነበር። መኪና ግን ያልፋል። ይኼ ቆመ፣ አሰበ፣ እንደገና መጣ። ወለሉ ወዲያና ወዲህ ቀስ ብሎ ተወዛወዘ። ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ሳልወጣ ግን ከእንግዲህ ወዲያ ምን እንደሚመስል ዐውቃለሁ። የአከራዬ የእትዬ አስካለ ሳህኖች መደርደሪያው ላይ ተንጫጩ። ቤቱን ደግፎ የያዘው ግንድ ሲጥ አለ። (ቤቱ ካዘነበለ ሁለት ክረምት አልፎታል። ከኋላው የአዲሱ ቤት መሠረት ተቆፍሮ ቅዳሜን እየጠበቀ ነው፤ ቅዳሜ ደቦ ነው።) እትዬ አስካለ በአንድ እጃቸው ማማሰያ፣ በሌላው ራዲዮናቸውን ይዘው ግቢው መሐል ቆሙ። ከንብረታቸው ሁሉ መርጠው ያወጡት ያንን ነው።

ትምህርት ቤት ዳገቱ ላይ ነው። መምህራን ክፍል ገብቼ ብናገር ሁሉም አፈጠጠብኝ። ማንም አልተሰማውም። ርእሰ መምህራችን መንቀጥቀጡ በዓመታዊ ዕቅዱ የትኛው ተግባር ሥር እንደተያዘ ጠየቁኝ። አልተያዘም። እንግዲያው አልተከናወነም።

በላይ ሰፈር አንዲት ቅጠል እንኳ እንዳልተነቃነቀች ከታማኝ ምንጮች ተረጋግጧል።

ማታ ቦኖው ጋ ወረፋ ላይ አንዲት የላይ ሰፈር ሴት፣ ታች ሰፈሮች የተወዛወዙት በትናንቱ ጠጅ ነው ብላ ሳቀች። እትዬ አስካለ ጀሪካናቸውን አስቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድሜ ጋሽ ወልዴ ይሙት፣ መሬቱ ተንቀጥቅጧል» አሉ።

ወረፋው በሙሉ ጀሪካኑን አስቀመጠ። እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ነገሩ የጂኦግራፊ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ

ወሬ ዳገት አይፈራም። መሐላው ገና ሳይነጋ ላይ ሰፈር ደርሷል።

ጋሽ ወልዴ የእትዬ አስካለ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባታቸው ሲሞት ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ እትዬ አስካለ በእሳቸው ሲምሉ ቀልድ አይደለም፤ በዓመት አንዴ ቢምሉ ነው። ቤታቸው ከድንጋይ ካባው አጠገብ፣ ዐለቱ ላይ ነው። ሰኞ ማለዳ እዚያው ነበሩ። ምንም አልተሰማቸውም። ስለዚህ እኅታቸው በሐሰት ምላባቸዋለች። ስለዚህ ሊሞቱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሁለቴ አስነጥሰዋል።

ከትምህርት በኋላ ለማስታረቅ ወጣሁ። በፀሐይ ጋቢ ደርበው፣ ብርድ ልብስ ጨምረው ተቀምጠዋል። ከሰላምታ በፊት ፊቴ ገርጥቷል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልገረጣም አልኳቸው። መስታወት የሌለው ሰው ስለ ፊት ምን ያውቃል አሉ። (ወሬው ሙሉውን ነው የደረሰው።) ለአንድ አስተማሪ መስታወት ተብሎ ነፍሳቸው መያዣ መሆኗ እጅግ አስከፍቷቸዋል።

የተላለፈው ውሳኔ፦ ለአዲሱ ቤት የተቆረጠው ባሕር ዛፍ አይወርድም። ደቦውም አይወርድም። ላይ ሰፈር ደግሞ ጋሽ ወልዴ ሳይነሡ መጥረቢያ የሚያነሣ የለም።

ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ጎመን እየቀነጠሱ ዝም ብለው ሰሙ። አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፤ የሚሉት ያላቸው መሰለኝ። መልሰው ጎመኑን አዩት።

ታች ስመለስ እትዬ አስካለን ለመንኳቸው። ተሳስቼ ነው ቢሉ ምናለበት? እንደ ደካማ ተማሪ አዩኝ። «ቃሌን ካጠፍኩማ በሐሰት መማሌ ነው። ጋሼ የሚሞተው ያኔ ነው» አሉኝ።

ስለዚህ ወንድማቸውን ለማዳን ከወንድማቸው ጋር ተጣልተዋል። የዛሬው ጸሎቴ፦ ግንዱ ይበርታ።

ረቡዕ

ጉዳዩ ሽማግሌ ዘንድ ቀረበ። ቦታ፦ የእድሩ መጋዘን፣ በድንኳኑና በድስቶቹ መካከል። ሰብሳቢ፦ የእድሩ ዳኛ አባባ ገብሬ። የክርክሩ ጭብጥ፦ ሰኞ ማለዳ መሬት ተንቀጥቅጧል ወይስ አልተንቀጠቀጠም?

ሳይንስ ይኼን በመሣሪያ ነው የሚለካው። እኛ በምስክር ለካነው።

የታች ሰፈር ምስክሮች፦ ልብስ ሰፊው መቀሱ ከጠረጴዛ እንደወደቀ ተናገረ። አንዲት እናት ዶሮዋ እስካሁን ዕንቁላል እንዳልጣለች አመለከተች። እኔ መስታወቴን በካርቶን አቀረብኩ፤ ሽማግሌዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁራጭ አንሥተው ጥርሳቸውን አዩበት።

የላይ ሰፈር ምስክሮች፦ አልተሰማንም። አልተሰማንም። አልተሰማንም። አንዱ በዚያ ሰዓት ሌላ ከተማ ሄዶ እንደነበር በጥያቄ ተደረሰበት፤ እሱም ቢሆን እዚያም አልተሰማኝም አለ። ምስክርነቱ ተመዘገበለት።

ጋሽ ወልዴ ብርድ ልብሳቸውን ይዘው መጥተዋል። እትዬ አስካለ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጠው አላዩዋቸውም፤ ግን ብርድ ልብሱ ከትከሻቸው በወረደ ቁጥር ዓይናቸው ይከተለው ነበር።

አባባ ገብሬ ሽማግሌ ናቸውና የሽማግሌ ፍርድ ፈረዱ። ሁለቱም ወገን አይዋሽም፤ ሁለቱም አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው፤ ስለዚህ መሬቱ በግማሽ ተንቀጥቅጧል። ይታረቁ።

ሰው ሁሉ ሊነሣ ሲል ጋሽ ወልዴ እጃቸውን አወጡ። «እኅቴ የማለችው ግማሽ እውነት ከሆነ እኔ ግማሽ ሞቻለሁ ማለት ነው» አሉ። «የትኛው ግማሼ እንደሆነ ይነገረኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ቀጠሮ ለዓርብ።

እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ገባኝ፤ የገባኝም በዚያ ክፉ ፍርድ ምክንያት ነው። አባባ ገብሬ አባባላቸው ተሳሳተ እንጂ ነገሩ ትክክል ነው። ሁለቱም አልዋሹም። መንቀጥቀጡ አንድ ነው፤ የቆሙበት መሬት ግን አንድ አይደለም። ይኼን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁም። ከዚያ ወዲያ ያስታወሰኝ ሰው አልነበረም።

ለዓርብ አስረዳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። በማንም ሳልምል።

ሐሙስ

ዛሬ ጥናት አካሄድኩ። ከከርሰ ምድር የሚገኝ አስተማማኝ መረጃ ያስፈልገኝ ነበር። ለዚህ ተብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ቦንጋ ውስጥ የለም። ለሌላ ጉዳይ የተቆፈረ ግን በየግቢው አለ።

የሽንት ቤት ጉድጓዶች ጥናት፣ አጭር ዘገባ፦

የእትዬ አስካለ። ጥቁር ጭቃ። ከሥሩ አሸዋ። ከሥሩ የበሰበሰ ግንድ፤ ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ከሥሩ እንደገና ጭቃ። ውሃ ስለመጣ ቆፋሪው በገመድ ተጎትቶ ወጣ። ዐለት፦ የለም።

የልብስ ሰፊው። ያው ነው፤ ግንዱ ብቻ የለም። ዐለት፦ የለም።

የጋሽ ወልዴ። ሰው እስከ ወገቡ። ከዚያ ዐለት። ዲጂኖ ታጠፈ፤ ሌላ ዲጂኖ ተበደሩ፤ እሱም ታጠፈ። ወደ ታች እንቢ ስላለ ወደ ላይ ሠሩት። ስለዚህ ሽንት ቤታቸው በደረጃ የሚወጣበት ሆኗል፤ ማን እንደገባ ላይ ሰፈር በሙሉ ያያል። ይኼን ስጠይቅ እትዬ ብርቄ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ጋሽ ወልዴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆነው ጥናቱ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቁ። ለሕይወትዎ ነው አልኳቸው። ወዲያው ተባበሩ።

መደምደሚያ። ያ የምንኖርበት ሜዳ ሜዳ አይደለም። ዙሪያው ተራራ፣ ሥሩ ዐለት የሆነ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ጎርፍ ስንት ዘመን ሙሉ ከየተራራው ደለል እያወረደ ሞላው። እኛ ሜዳ አልነውና ቤት ሠራንበት።

ከሰዓት በኋላ ትምህርቱ በፕላዝማ ነበር። መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር አፉን እንደከፈተ ጠፋ፤ ስለዚህ እኔ ተቀጠርኩ። ለተማሪዎቼ ሞከርኩት፦ መንቀጥቀጡ በዐለት ውስጥ ፈጥኖ ይመጣል። ደለሉ ውስጥ ሲገባ ይዘገያል። ዘገየ ማለት ግን ደከመ ማለት አይደለም። የምሳ ደወል ሲደወል ከየክፍሉ በሩጫ ትወጣላችሁ፤ በሩ ጋ የፊተኛው ሲዘገይ የኋለኛው ምን ይሆናል? ይደራረባል አሉ። ማዕበሉም እንደዚያ ነው፤ ፊቱ ሲዘገይ ኋላው ይደርስበታል፤ ይጠጋጋል፣ ያብጣል። ከዚያ ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ከሳህኑ ጠርዝ እየተላተመ ይመላለሳል፤ ሰው ይዞት በሚሮጠው ጀሪካን ውስጥ እንዳለ ግማሽ ውሃ። ሰኞ ቆሞ፣ አስቦ፣ እንደገና የመጣው ለዚህ ነው።

ገባቸው። አንዱ ብቻ፣ ታዲያ ቲቸር ለምን እዚያ ተከራዩ አለኝ። መብራት መጣና አዳነኝ።

ሥጋት፦ ሽማግሌዎች የምሳ ደወል የላቸውም። የሚታይ ነገር ያስፈልጋል። የሚንቀጠቀጥ፣ እርጥብ፣ ሳህን የሚሞላ።

ቡላ!

ዓርብ

ታሪክ የሚመዘግበው አሸናፊውን ነው ይላሉ። እኔ ሽንፈቱንም እመዘግባለሁ፤ ያስቃልና።

ቡላውን ራሴ ሠራሁት። እትዬ አስካለ በነገሩ ተከሳሽ ስለሆኑ እጃቸው እንዳይገባበት ብዬ ነው። የእድሩ አግዳሚ ላይ በአንድ በኩል ከካባው የመጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በሌላው በኩል በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን የሞላ ቡላ አስቀመጥኩ። ድንጋዩ ላይ ሰፈር፣ ቡላው ታች ሰፈር። በሁለቱም ላይ አንድ አንድ የክብሪት ቀፎ በቁሙ አቆምኩ። እነዚህ ቤቶች ናቸው። መሬት መንቀጥቀጥ የሚሆን ሰው ያስፈልጋል አልኩና ጋሽ ወልዴን ጋበዝኩ። እኔ ብመታው አድልቷል ይሉኛል።

ጋሽ ወልዴ ብርድ ልብሳቸውን ሰብስበው አግዳሚውን ከሥሩ በቡጢ አንዴ መቱት።

የድንጋዩ ቀፎ ቆመ። የቡላውም ቀፎ ቆመ። ቡላዬ ደርቆ ሲሚንቶ ሆኗል። ላይ ሰፈር በአንድ አፍ ሳቀ። ጋሽ ወልዴ ብቻ አልሳቁም፤ ደረታቸውን ያዙ።

እትዬ አስካለ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሳህኑን ከፊቴ አነሡት። ለሕዝቡ፣ «ቡላ እንኳ ማብሰል የማይችል ሰው ነው ምስክር የሆነልኝ» ብለው ወጡ። ከመጋዘኑ ጓሮ እሳት ላይ ሙቅ ውሃ እየጨመሩ ሲያማስሉት እንሰማ ነበር። አባባ ገብሬ ሲጠብቁ፣ ውሃ መጨመሩ ማጭበርበር እንዳይሆን ብለው ጠየቁ። ሽንት ቤቱን ይጠይቁ አልኳቸው፤ ቆፋሪው የወጣው ውሃ ስላገኘ ነው። ቆፋሪው ራሱ ከኋላ ተነሥቶ መሰከረ፤ ገመዱን ጭምር ጠቀሰ።

ሳህኑ ተመለሰ። ቡላው ያብረቀርቃል፤ ሰው ባለፈ ቁጥር ይርገበገባል። ቀፎዎቹን አቆምኩ።

ጋሽ ወልዴ መቱ። ያንኑ ቡጢ፣ በዚያው ቦታ። የድንጋዩ ቀፎ አልተነቃነቀም። የቡላው ቀፎ ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፣ በፊቱ ተደፋ። ቡላው ከተመታ በኋላም ለብቻው ሲወዛወዝ ቆየ።

ጋሽ ወልዴ ቀፎውን ራሳቸው አንሥተው አቆሙት። እንደገና መቱ። ተደፋ። ቀስ አድርገው መቱ። ተደፋ። ብርድ ልብሱ መሬት ወደቀ፤ አላነሡትም። እንደ ልጅ ተንበርክከው ሲመቱና ሲያቆሙ፣ ሲመቱና ሲያቆሙ፣ አባባ ገብሬ የእድሩን አግዳሚ እንዳይሰብሩት ለመኗቸው።

ፍርድ፦ መሬቱ ሙሉ በሙሉ ተንቀጥቅጧል። እትዬ አስካለ እውነት ምለዋል። ጋሽ ወልዴም እውነት መስክረዋል። ጋሽ ወልዴ በሕይወት አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔ እጅ ለመንሣት ተነሣሁ።

ጋሽ ወልዴ ግን ሳህኑን እያዩ ቀሩ። ከዚያ እኅታቸውን ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩዋቸው፤ ፊታቸው አሁን ነው የገረጣው። «አስካለ» አሉ፣ «አንቺ ነገ ቤት የምትሠሪው ቡላ ላይ ነው?»

ተቀመጥኩ። ይኼን ጥያቄ አልተዘጋጀሁበትም ነበር።

ቅዳሜ

ገና ጤዛው ሳይረግፍ ከዳገቱ ጩኸት ሰማን። ላይ ሰፈር በሙሉ ባሕር ዛፍ ተሸክሞ እየዘፈነ ይወርዳል። ጋሽ ወልዴ ከፊት፤ ጋቢ የለም፣ ብርድ ልብስ የለም፣ መጥረቢያ አለ።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጠብ ተጀመረ። እትዬ አስካለ የብሎኬት ቤት ነው የሚፈልጉት፤ እንጨቱ በእሳቸው ሐሳብ ለጣሪያ ብቻ ነው። ብሎኬቱ ገና አልተገዛም፤ በልባቸው ግን ተደርድሮ፣ ተለስኖ፣ ሰማያዊ ተቀብቷል። ልብስ ሰፊው እንኳ የፊት ግድግዳውን ብሎኬት አድርጓል። ጋሽ ወልዴ ደግሞ ብሎኬት ቡላ ላይ አይቆምም አሉ። ካልሆነ መሠረቱን ደፍነሽ ላይ ሰፈር ነይ፣ ከጎኔ ሥሪ። እትዬ አስካለ ያንን ሽንት ቤት በደረጃ እየወጡ መኖር እንደማይችሉ ገለጹ። ደቦው መጥረቢያውን ተደግፎ አደመጠ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ቀኑን ሙሉ የሠራሁት ይኼን ብቻ ነው፤ ግን እንደ ሥራ ይቆጠርልኝ። እንዲህ አልኩ፦ መሬቱን መለወጥ ካልተቻለ ቤቱን ማቅለል ይቻላል። እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። እንጨት ሲወዛወዝ ይለመጣል፤ ብሎኬት ዝም ብሎ ቆይቶ አንዴ ነው የሚናገረው። ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ሰያፍ ማገር ይመታ። ከአልጋ በላይ ከባድ ነገር አይሰቀል። መስታወትም ጭምር።

ሰማያዊውስ? አሉ እትዬ አስካለ። ጭቃም ከተለሰነ በኋላ ሰማያዊ ይቀባል አልኩ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ቀለል አለ።

ጋሽ ወልዴ የመጀመሪያውን ሰያፍ ራሳቸው መቱት። ምስማር አፋቸው ውስጥ ስለነበር ግማሹ ነው የተሰማው፤ «በእኔ እየማልሽ የምትኖሪ ከሆነ ይኼ ቤት መቆም አለበት» የሚል ነው። እትዬ አስካለ ሄደው ከወንድማቸው ትከሻ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ አራገፉ፤ ባይኖርም አራገፉ።

ምሽት ላይ ማገሩ ተዋቅሮ ነበር። አባባ ገብሬ አንዱን ምሰሶ በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት፤ ቤቱ በሙሉ እሺ ብሎ ተነቃንቆ በሙሉ ቆመ። ውሳኔ ሰጡ፦ አለፈ።

ምሳው ቡላ ነበር። በቅቤ። የጥናቱ መረጃ በዚህ መልኩ ተበልቷል።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም አዲሱ ማገር ሥር ተቀመጥን። ግድግዳ የለም፣ ክዳን የለም፣ ነፋስ እንደልቡ ይገባል። እትዬ አስካለ የት ምን እንደሚሆን እያሳዩ፣ እኔን በቆርቆሮ ያልተከደነ ሰርቪስ ውስጥ አስቀመጡኝ። ኪራዩ ይጨምር እንደሆነ ጠየቅሁ። እሱ ዛሬ በሰንበት አይነሣም አሉ።

እትዬ ብርቄ ከማክሰኞ ጀምሮ ውጠው የቆዩትን ዛሬ ተነፈሱት። ለምን ያን ጊዜ አልተናገሩም ስላቸው፣ እሱ በሰው ፊት አልተሰማኝም ሲል እኔም በሰው ፊት ልናገር ብዬ እርቁ አልቆ ሰው እስኪሰበሰብ ጠበቅኩ አሉ። ጋሽ ወልዴ መጀመሪያ ካዱ። ከዚያ ወደ ሳህኑ አቀርቅረው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀና ሲሉ በእንባ ይስቁ ነበር። በዚህም መሠረት የሚከተለው እርማት ወጥቷል።

እርማት፦ በዚህ ማስታወሻ በሰኞ ዕለት ክፍል፣ «በላይ ሰፈር አንዲት ቅጠል እንኳ እንዳልተነቃነቀች ከታማኝ ምንጮች ተረጋግጧል» ተብሎ የሰፈረው ስሕተት በመሆኑ፣ «በላይ ሰፈርም መሬቱ በመጠኑ ተነቃንቋል፤ ጋሽ ወልዴም በተጠቀሰው ሰዓት አልጋቸው ላይ እንዳሉ ከእንቅልፋቸው ነቅተው፣ ብርቄ አትራገጪ ብለው ተመልሰው ተኝተዋል» ተብሎ እንዲነበብ በትሕትና እናሳስባለን። ባልሠሩት እርግጫ ስማቸው ለተነሣው ለእትዬ ብርቄ የላይ ሰፈር ዐለት ይቅርታ ይጠይቃል።

እንዲሁም መስታወቱ የተከፈለው በአራት ሳይሆን በአምስት ነው። አምስተኛው ቁራጭ ዛሬ በጋሽ ወልዴ የኮት ኪስ ውስጥ ተገኝቷል፤ ረቡዕ ከካርቶኑ ወስደውት በየሰዓቱ መገርጣት አለመገርጣታቸውን ሲያዩበት ነበር።